ጩኸት የሚቀዱ ሰዎች

በ1973 የወጣውን «ዘ ኤግዞርሲስት» የተሰኘ አስፈሪ ፊልም ያየ ሰው ጋኔን የያዛት ልጅ የምታወጣውን ድምፅ በቀላሉ አይረሳውም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድምፁ ግን የልጅቷ አልነበረም። ስቱዲዮ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣ ያን ሁሉ ማጓራትና ማቃሰት ያሰማችው የኦስካር ተሸላሚዋ መርሴዲስ ማክኬምብሪጅ ናት። ጉሮሮዋን ለማሻከር ጥሬ እንቁላል እየዋጠችና ሲጋራ እያጨሰች ሠርታዋለች። ፊልሙ መጀመሪያ ለሕዝብ ሲቀርብ ስሟ አልተጻፈም ነበር፤ የተጻፈው ተከራክራ ነው።

የሰው ድምፅ ከንግግርና ከተለመደው ዜማ ውጭ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ያን የሚያሰሙ ሰዎችም ምን ያህል ሳይታወቁ እንደሚቀሩ ይህ ታሪክ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ድምፅ በጥንቃቄ እየቀዱ ለምርምርና ለፊልም፣ ለጨዋታና ለሙዚቃ የድምፅ ሥራ ማዋል ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ማጓራት፣ ማንሾካሾክ፣ አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ መዝፈን፣ በከንፈርና በምላስ ማርገብገብ፣ ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ ማውጣት ሁሉም የዚህ ሙያ ጥሬ ዕቃ ናቸው።

መነሻው ማንቁርት ነው። እዚያ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጡ ለስላሳ እጥፋቶች ሲሆኑ፣ ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያርገበግባቸው ድምፅ ይፈጠራል። ከእነሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ጥንድ እጥፋት አለ። ስንናገር ይህ የላይኛው ጥንድ ሥራ የለውም። በደቡብ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የቱቫ ዘፋኞች ግን «ካርጊራ» በሚሉት አዘፋፈን ይቀሰቅሱታል፤ የታችኛው ጥንድ ሁለቴ ሲርገበገብ የላይኛው አንድ ጊዜ ይርገበገባል፤ ስለዚህ አድማጭ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ጥልቅ ጉርምርምታ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን በኮምፒውተር የተሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን የጉሮሮ ሥራ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከእነዚህ ስልቶች አንዳንዶቹ የቤቱ ናቸው። የሚነገረንን እየሰማን አየር ወደ ውስጥ በአጭሩ ስበን «አዎ» የምንለውን እናስብ። ለብዙ የዓለም ሕዝብ እንዲህ መናገር እንግዳ ነገር ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እና ጸም የሳንባን አየር አይጠቀሙም፤ ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ሲገፋ አፍ ውስጥ የታመቀው አየር ይፈነዳል። በ2013 የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአፉ ከበሮ የሚመታ አንድ የሎስ አንጀለስ ወጣት ኤም አር አይ ውስጥ ሆኖ ሲጫወት ቀርጸው ያወጡት ጥናት አለ። ወጣቱ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ተናጋሪ ሲሆን ትልቁን ከበሮ የሚያስመስለው ከከንፈሩ በሚፈነዳ፣ ለ«ጰ» በቀረበ ድምፅ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎቹ የሌለውን ስልት በልምምድ አግኝቶታል፤ እኛ ፊደል ስንቆጥር የተማርነውን።

በምዕራቡ ዓለም ድምፅን እስከ ዳር መግፋት በከፊል ሙዚቃና ሕክምና በተገናኙበት ቦታ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል። አልፍሬድ ቮልፍሶን የተባለው የበርሊን ተወላጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቃሬዛ ተሸካሚ ነበር። የቁስለኞች ጩኸት ከጦርነቱ በኋላም ከጆሮው አልጠፋ ሲለው፣ ያን ጩኸት በራሱ ድምፅ እያወጣ ታገለው። ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን ከገባ በኋላ ተማሪዎቹን ወንድና ሴት ሳይለይ ከዝቅተኛው ጉርምርምታ እስከ ቀጭኑ ሲርሲርታ እንዲያሰሙ አሠለጠነ፤ የሙከራው ቅጂም በ1956 በፎክዌይስ ኩባንያ በሸክላ ታተመ። ተማሪው ሮይ ሃርት በ1969 የፒተር ማክስዌል ዴቪስን «ስምንት መዝሙሮች ለእብዱ ንጉሥ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ ሲያቀርብ፣ ሥራው ራሱ ለእሱ ጉሮሮ ተለክቶ የተጻፈ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1961 ሉቺያኖ ቤሪዮ የካቲ ቤርቤሪያንን ሳቅ፣ ልቅሶና ቃል ያልሆነ ንግግር ሚላን በሚገኘው የጣሊያን ሬዲዮ ስቱዲዮ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ቀላቅሎ «ቪዛዥ»ን ሠራ። በ1970ዎቹም ሳንዲያጎ ላይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ዘፋኞች እነዚህን ስልቶች በስም እየለዩ መዘገቡ።

አሁን ወደ ስቱዲዮው እንግባ። የመጀመሪያው ፈተና የመጠን ልዩነት ነው። ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከቅርብ የሚለካ ሙሉ ጩኸት 110ን ሊያልፍ ይችላል። ለሹክሹክታ በተስተካከለ መቅጃ ላይ ጩኸቱ ይሰነጠቃል፤ ለጩኸት የተስተካከለው ደግሞ ሹክሹክታውን በማሽኑ ሹሽታ ውስጥ ይቀብረዋል። ሹክሹክታንም ጩኸትንም አብረው የሚይዙት ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅጃዎች ይህን ጭንቀት ብዙ አቅልለዋል፤ ሆኖም ማይክሮፎኑ ራሱ ከአቅሙ በላይ ከተጮኸበት የሚያድነው መቅጃ የለም። የሰርግ ቪዲዮ ላይ እልልታው ሲደርስ ድምፁ የሚሰነጠቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው የተስተካከለው ለንግግር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የናሙና መጠን፣ ማለትም መቅጃው ድምፁን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ነው። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ስለሚወስድ ከግማሹ፣ ማለትም ከ22 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አይዝም። ለመስማት ይበቃል። የፊልም ድምፅ ባለሙያ ግን የሰውን ጩኸት በግማሽ አዘግይቶ የጭራቅ ማጓራት ሲያደርገው ሁሉም ነገር በግማሽ ስለሚወርድ፣ ከ11 ኪሎኸርዝ በላይ ባዶ ይሆንና ድምፁ ይደበዝዛል። በ96 ወይም በ192 ኪሎኸርዝ ሲቀዳ ግን ጆሮ የማይሰማው የላይኛው ክፍል ወርዶ ቦታውን ይሞላል። ለዚህ ሲባል እስከ 100 ኪሎኸርዝ የሚይዝ «ሳንከን ሲኦ 100 ኬ» የመሰለ ማይክሮፎን የሚገዙም አሉ።

ተመራማሪውና የፊልም ባለሙያው እዚህ ላይ ይለያያሉ። የፊልም ባለሙያው ማይኩን ወደ አፍ አስጠግቶ ወፍራምና አስደንጋጭ ድምፅ ይፈልጋል። ተመራማሪው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ ማይክ፣ ማስተጋባት የሌለው ክፍልና የማይለዋወጥ ርቀት ይሻል፤ የዛሬውን ቅጂ ከነገው ጋር ማወዳደር አለበትና። አንዳንዴም አንገት ላይ ሁለት ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ያስራል። በመካከላቸው እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ የድምፅ አውታሮቹ ሲገጥሙ በቀላሉ፣ ሲለያዩ በጭንቅ። በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፋብር ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ፣ ማይክሮፎን ሊነግረን የማይችለውን ማለትም ጉሮሮ ለብቻው የሚሠራውን ያሳያል።

በእኔ ግምት ግን ከማይኩም ከናሙናውም በላይ የሚያስፈልገው ማስታወሻ ነው። «ጩኸት 7» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል ከወር በኋላ ለማንም አይጠቅምም። ማን አሰማው፣ አየሩ ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ፣ በየትኛው አናባቢ፣ በምን ርቀት፣ በምን መሣሪያ፣ ይህ ሁሉ ወዲያው መጻፍ አለበት። «ቮካልሴት» የተባለው ስብስብ የተወደደው ለዚህ ነው። በ2018 ይፋ የሆነው ይህ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ 20 ዘፋኞች 17 ስልቶችን በአምስት አናባቢዎች ያሰሙበት የ10 ሰዓት ያህል ቅጂ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የዘፋኙ መለያና የስልቱ ስም ስላለው ኮምፒውተር ስልቶቹን ለይቶ እንዲያውቅ ማሠልጠን ተችሏል። ወደ ውስጥ መዝፈንና የከንፈር ማርገብገብ አሉበት። እልልታ የለበትም።

በፊልም ዓለም ደግሞ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» የትንሿን ሮቦት ንግግር የሠራው የራሱን ሕፃን መሰል ድምፅ ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ነው። ስሜቱ ከሰው ጉሮሮ ስለመጣ ሮቦቷ ስትፈራና ስትደሰት ያለ ቃል ይገባናል። ማሽን ብቻውን ይህን አይሰጥም።

የሰው ጉሮሮ ግን ሥጋ ነው፤ ይጎዳል። ስለዚህ ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ከለስላሳው ጀምሮ ጩኸቱን ለመጨረሻ ያቆያል፤ በመካከል ያሳርፋል፤ ሕመም ከተሰማ ያቆማል። አሜሪካ ውስጥ ለቪዲዮ ጨዋታ ድምፅ የሚሰጡ ተዋናዮች በ2016 ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ለሰዓታት መጮኽ ጉሮሯቸውን እየጎዳ መሆኑ ነበር። በ2024 ዳግም ሲያቆሙ ዋናው ጉዳይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆነ፤ አንዴ የተቀዳ ድምፅ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማሽን ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላልና። ጥያቄያቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከማክኬምብሪጅ ስም መቅረት ይልቅ ይህ የባሰ ነጠቃ ነው።

መቅጃ ያላችሁ የአገራችን ወጣት የድምፅ ባለሙያዎች፣ እልልታውን፣ ቀረርቶውን፣ የሙሾ አውራጇን ድምፅ፣ የእረኛውን ጥሪ ቅዱ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅጂው ለምን እንደሚውልም ንገሯቸው። ሙዚቃ ከሥሩ አታስገቡ፤ ማስተጋቢያ አትጨምሩ። የአሰሚውን ስም እሱ ወይም እሷ በፈቀዱት መጠን፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ርቀቱንና መሣሪያውን ጻፉ፤ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ በሁለት ቦታ አስቀምጡ።