«ሰነፈ»፣ «ጠገበ» ከማለታችን በፊት
የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና



ልጅ ሲያተኩሰው እናት ግንባሩን ዳስሳ ታውቃለች። ሲያስለው ወይም ሲያስቀምጠው ወደ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ውስጡ ሲታመም ግን የሚዳሰስ ነገር የለም። ስለዚህም «ሰነፈ»፣ «ጠገበ»፣ «ዓይን ነካው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ።

መቼ ይጀምራል?

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት የ192 ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ ከ700 ሺህ በላይ የአእምሮ ሕሙማንን መረጃ መርምሯል። ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ሕመሙ የጀመረው 14 ዓመት ሳይሞላው ነው፤ በግማሽ ያህሉ ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገልጻል። በዚህ ስሌት 35 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አምስቱ ማለት ነው።

ምልክቶቹ

ድብርት የያዘው ልጅ የግድ አያለቅስም። ብዙ ጊዜ የሚታይበት ቁጣና ንጭንጭ ነው። በተጨማሪም፦

• ከጓደኞቹ መሸሽ፣ ይወደው የነበረውን ጨዋታ መተው፤
• የትምህርት ውጤቱ ማሽቆልቆል፤
• እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም ከልክ ማለፍ፤
• ሐኪም መንስኤ ያላገኘለት ተደጋጋሚ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም፤
• «ብሞት ይሻለኛል» ማለት።

እነዚህ ለውጦች ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሞትን ካነሳ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣበት ጥናቶች አረጋግጠዋል። እንዲያውም የታፈነውን እንዲናገር በር ይከፍትለታል። መድኃኒትና ገመድን ከአካባቢው አርቁ፤ ብቻውንም አትተዉት።

አንዳንድ ቤተሰብ «ጂን ነው» ብሎ ልጁን ያስራል፣ ይመታል። ይህ ሕመሙን ያባብሳል። ዱዓ ማድረግና ቁርኣን ማስቀራት ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግዱም።

በቤት ውስጥ

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ማታ ሞባይሉ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ቁርስ ሳይበላ አይሂድ፤ ቢያንስ አንዱን ማዕድ ከቤተሰቡ ጋር ይቅረብ፤ እዚያ ነው ዝምታው የሚታወቀው።

ጫትም ሊታሰብበት ይገባል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። «ለጥናት ያነቃኛል» ብሎ የሚቅመው ተማሪ ምርቃናው ሲለቀው ድብርት ሊጫነው ይችላል።

ከጎረቤት አገር

እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ በኬንያ ሁለተኛ ደረጃን በቅርቡ ያጠናቀቁ ወጣቶች አጭር ሥልጠና ወስደው የድብርትና የጭንቀት ምልክት ያለባቸውን ተማሪዎች በቡድን ለአራት ሳምንታት አወያዩ። ስለ ምስጋና፣ በሕይወታቸው ዋጋ ስለሚሰጡት ነገርና ሰው መለወጥ እንደሚችል ተነጋገሩ። በጥናቱ ከተካተቱት 413 ተማሪዎች፣ በዚህ ውይይት የተሳተፉት የጥናት ዘዴ ብቻ ከተማሩት ይልቅ ምልክታቸው ቀነሰ።

ባለሙያ ለከባድ ሕመም የግድ ያስፈልጋል። ልጅን ቁጭ ብሎ ማድመጥ ግን ከወላጅም፣ ከመድረሳ ኡስታዝም፣ ከመስጂድ ወጣቶችም አቅም በላይ አይደለም። የሐኪም ቤት መንገድ የሚጀምረውም አንድ ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መልሱን ሳይቆጣ ሲሰማ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።