ዳፍንት፦ ሴል አስኳል ድረስ የሚገባው የቅባት መልእክት ሲቋረጥ

ቀን ከእኩዮቹ ጋር ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ፣ ጀንበር ስትጠልቅ በሩን ይስተዋል፣ በርጩማው ያደናቅፈዋል። አማርኛችን ለዚህ ስም አለው፤ ዳፍንት። ዋናው መነሻው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው።

ቫይታሚን ኤን "ለዓይን ጥሩ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሥራው ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን እንዲያይ ማድረግ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሰውነታችን ከቫይታሚኑ ሬቲኖይክ አሲድ የሚባል መልእክተኛ ይሠራል።

እንደ ኢንሱሊን ያሉ መልእክተኞች ሴሉ ደጅ ላይ ቆመው ነው የሚያንኳኩት። ሬቲኖይክ አሲድ ግን የቅባት ዘር ነው፤ የሴሉ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ስለሆነ ሰተት ብሎ ያልፋል። ዲኤንኤ እስካለበት አስኳል ድረስ ይዘልቃል። እዚያ የሚጠብቀው ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ተዘግተው የቆዩ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ይህን ተቀባይ በ1987 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ፒየር ሻምቦንና የአሜሪካው ሮናልድ ኢቫንስ ቡድኖች ለየብቻቸው ደረሱበት።

መልእክቱ ሲቋረጥስ? የዓይን፣ የመተንፈሻና የአንጀት ሽፋን በወጉ አይታደስም። ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ እስከ መታወር ይደርሳል። ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረታሉ። ዳፍንት እንግዲህ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበታችን ላይ የሚበዛው ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ድንች ነው። ሆድ ይሞላሉ፤ ቫይታሚን ኤ ግን የላቸውም ማለት ይቻላል። በጾም ደግሞ ሕፃኑ ባይጾምም፣ ቅቤና እንቁላል ከቤት ሲጠፋ አብሮ ይጾማል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ በዘይት ይሠራ፤ ያለ ቅባት ቫይታሚኑ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ለሕፃናት እንቁላልና ጉበት ሲገኝ ይሰጣቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት ደግሞ ጤና ባለሙያዎች በየ6 ወሩ የሚሰጡት እንክብል አለ። ጉበት ስለሚያከማቸው ነው አንዱ ለወራት የሚበቃው። እንዳያመልጣቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ሲበዛም ይጎዳል። ለብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን የዚሁ ቫይታሚን ዘመድ ነው። እርጉዝ ሴት ከወሰደችው ጽንሱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ጓደኛዬ ተጠቅማ አማረባት ብላችሁ ያለ ሐኪም እንዳትጀምሩት።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት አላችሁ? ዛሬ ሲመሽ እንዴት እንደሚራመዱ አስተውሉ። የሚዳብሱ ከሆነ ነገ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።