ሽማግሌ በምን ይታመናል

ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋባቸው መተማመን ነው። አንዱ እውነት ቢናገር ለሁለተኛው ሐሰት ይመስለዋል፤ ዝም ቢልም ተንኰል የሚያስብ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱም ሽማግሌ ወይም አስታራቂ ይባላል።

ዳኛ በሥልጣን ይፈርዳል፤ የተረታው ሰው ባይወድም ፍርዱ ይፈጸምበታል። ሽማግሌ ግን ወታደርም ወህኒ ቤትም የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ አስታራቂ የዕርቁን ቃል ከማዘጋጀቱ በፊት ባለጉዳዮቹ አሳባቸውን በሙሉ እንዲገልጹ ማድረግ እንዲገባው ያዝዝ ነበር። ደግሞም ባለጉዳዮቹ እንቀበላለን ብለው በጽሑፍ ካልተዋዋሉ በቀር አስታራቂው ያዘጋጀው ቃል አያስገድዳቸውም ነበር። እንግዲህ የሽማግሌ ኀይሉ መታመኑ ነው። ይህም በሽበትና በአንደበት ማማር ብቻ አይገኝም።

ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎች በእርሻ ወሰን ተጣልተው ዱላ እስከ መማዘዝ ደረሱ። እንደ አገሩ ልማድ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሽማግሌዎች መረጡ፤ አንድ ሰብሳቢም ተጨመረ። በዛፍ ሥር በተቀመጡ ጊዜ ሰብሳቢው ወደ አንደኛው ተመልክቶ፥ «እኔ በእናቴ በኩል የባላጋራህ ዘመድ ነኝ፤ ካልወደድህ ሌላ ምረጥ» አለው። ያም ሰው ነገሩ ባይጥመውም፥ ሳይደበቅ ስለ ተነገረው፥ «ይሁን፥ አባቴ፤ ይቀመጡ» አለ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ በየተራ ተናገሩ። ዘመዱ በሌላው ንግግር መካከል ጣልቃ ቢገባ ሰብሳቢው በሰው ፊት ገሠጸው። ማታም ዘመዱ አንድ ማሰሮ ማር ቢልክለት፥ ባመጣው ልጅ እጅ መልሶ ሰደደው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለብቻ ለብቻ ከሰሙ በኋላ ዘመዱ ቀርቦ፥ «ባላጋራዬ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌውም፥ «የእርሱን ምስጢር ለአንተ ብነግር፥ ያንተንስ ለእርሱ እንዳልነግር በምን ታውቃለህ?» ብሎ መለሰለት። ዘመዱም ይህን በሰማ ጊዜ አፈረ፤ ዳሩ ግን የእርሱም ምስጢር እንደሚጠበቅ ስላወቀ ልቡ ዐረፈ።

በማግሥቱ ባላጋራው የማሩን መመለስ ሰምቶ ነበርና ወደ ሽማግሌው ቀርቦ፥ «የወሰኑን ድንጋይ ያነሣ እርሱ ነው፤ ነገር ግን እኔም አስቀድሜ ሁለት ትልም አልፌ አርሼበታለሁ» አለ። ይህን ቃል ማንም አላስገደደውም። በእርሱም ፈቃድ ቃሉ በተነገረ ጊዜ ዘመዱ ድንጋዩን ማንሣቱን አመነ። ድንጋዩም በሁሉ ፊት ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ፤ ሁለቱም ይቅር ተባብለው ተሳሳሙ።

ሰው ሽማግሌን ማመኑ የሚታወቀው ሲያመሰግነው አይደለም፤ ራሱን የሚጐዳውን እውነት ሲነግረው ነው። እንዲህ ያለውን እምነት የሚያገኝ፥ ዝምድናውን የማይሸሽግ፥ ጆሮውን ለሁለቱ አስተካክሎ የሚሰጥ፥ መማለጃ የማይቀበል፥ ምስጢርም የማያወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሌለበት ዕርቅ ከከንፈር አያልፍም፤ ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት እንደ ተባለው ይሆናል።