በበጋና በሐሩር ወራት ከወንዝ ዓሣ ስለ ማጥመድ

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ ያለው ጊዜ በብዙው የአገራችን ክፍል የወንዞች ውሃ እየጎደለ፣ ፈሳሹም እየተቆረጠ፣ በየጥልቁ ስፍራ ብቻ ኩሬ ሠርቶ የሚቀርበት ወራት ነው። ዓሣ አጥማጁም የሚበዛው በዚሁ ወራት ነው። ውሃው ስለ ጎደለ ዓሣውን መያዝ ይቀላል፤ ዐቢይ ጾምም የሚውለው በዚሁ ጊዜ ስለ ሆነ ዓሣ ፈላጊው በገበያ ይበረክታል። ስለዚህ ለወረዳ ሹማምንት አንድ ጥያቄ ሳይቀርብ አይቀርም፤ ይኸውም ውሃው እስኪመለስ ድረስ ማጥመድን መከልከል ይገባልን የሚል ነው። መልሱን ለማስቀደም ያህል፣ ለወንዙ ሁሉ አንድ ዓይነት ክልከላ ማውጣት አይገባም እንላለን፤ ነገር ግን ፈጽሞ ሊነኩ የማይገባቸው ኩሬዎች አሉ፤ በማንኛውም ወራት ሊፈቀድ የማይገባ የማጥመድ ዘዴም አለ። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ይህም ኦክሲጅን ውሃው በሞቀ መጠን እያነሰ ይሄዳል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.6 ሚሊግራም ብቻ ይይዛል። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ከነዚህ ቁጥሮች ላይ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይቀነሳል። ስለዚህ በጣና ዙሪያ በሚገኝ ወንዝ 25 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ከ7 ሚሊግራም ያነሰ ነው። በሌላ ወገን ዓሣ እንደ ሰው የጸና የሰውነት ሙቀት የለውም፤ ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱም አብሮ ይሞቃል፤ ውሃው 10 ዲግሪ በጨመረ ጊዜ የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ውሃው የሚሰጠው ባነሰበት ሰዓት ዓሣው የሚፈልገው ይበዛል ማለት ነው።

በዚህ ሁኔታ ያለ ዓሣ በመንጠቆ ተይዞ ብዙ ደቂቃ ሲታገል እንደ ሮጠ በሬ ይደክማል፤ ድካሙንም የሚያስታግስበት ኦክሲጅን አያገኝም። ወደ ውሃ ቢመለስ እንኳ ዋኝቶ የሄደ መስሎ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊሞት ይችላል። በሌሎች አገሮች ሙቀት ሲበረታ መንጠቆ ይቁም የሚባለው በተለይ ስለዚህ ነው፤ በዚያ ብዙው አጥማጅ ለጨዋታ ይዞ መልሶ የሚለቅ ነውና። በአሜሪካ የሞንታና ግዛት ያወጣው ደንብ ለምሳሌ ይጠቀሳል፤ የወንዙ ውሃ ሦስት ቀን በተከታታይ 23 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ይከለከላል፤ ጠዋት ግን ይፈቀዳል። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2016) የየሎስቶን ወንዝ ጎድሎና ሞቆ ሳለ በጥገኛ ተሐዋሲ የሚመጣ የኩላሊት በሽታ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዓሣ ስለ ፈጀ፣ የግዛቲቱ መንግሥት 295 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የወንዙን ክፍል ዘግቶ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በየክፍሉ ከፍቶታል።

ይህ ደንብ ግን ለእኛ አገር እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በባሌ ተራሮች በወይብና በሌሎች ጅረቶች ለሚገኘው ትራውት ለተባለው ዓሣ ብቻ በቀጥታ ይስማማል፤ ይህ ዓሣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድና ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሚጨነቅ ነው። የቆላው ዓሣ ጠባይ ሌላ ነው። ቆሮሶ ሙቀትን ይችላል፤ አምባዛም ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር የሚስብበት ልዩ አካል ስላለው፣ ሌላው ዓሣ ባለቀበት ጭቃማ ኩሬ ውስጥ ሰንብቶ ይገኛል። በመካከላቸው የሚጎዳው ወራጅና ንጹሕ ውሃ የሚሻው ነጭ ዓሣ፣ በሌላ ስሙ ቢልጫ የሚባለው ወገን ነው። ከዚህም በላይ የእኛ ባላገር የያዘውን ይበላል ወይም ይሸጣል እንጂ መልሶ አይለቅም። ለሚበላ ዓሣ ድካሙ ነገር አይሆንም። ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው የሙቀት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም የቁጥር ጥያቄ ነው፤ ስንቱ ተይዞ ስንቱ ይተርፋል የሚል።

የበጋ ኩሬ እንደ ዘር ጎተራ ነው። በክረምት በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የነበረው ዓሣ ውሃው ሲሸሽ በጥቂት ኩሬዎች ውስጥ ይታጎራል፤ ክረምት ሲገባ ወንዙን ዳግመኛ የሚሞላው ከዚያ የተረፈው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ጠባብ ኩሬ ላይ ከዳር እስከ ዳር መረብ ቢጎትቱ በአንድ ቀን የሚያወጡት፣ በክረምት ሃያ ሰው በወር የማያገኘው ሊሆን ይችላል። ባላገሩ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም፤ የዘሩን እህል የሚበላ ገበሬ ሞኝ መሆኑን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን ጎተራው የግሉ አይደለም፤ እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያወጣዋል ብሎ ያስባል፤ በዚህም አይፈረድበትም። የሹም ሥራ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ የወረዳ ሹም ከሽማግሌዎችና ከወንዙ ዳር ባለ ይዞታዎች ጋራ ሆኖ ኩሬዎቹን ይለይ። በክፉ ዓመት እንኳ ደርቆ የማያውቀው ኩሬ የትኛው እንደ ሆነ ከብት ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ኩሬ ከጥር ጀምሮ መረብም መንጠቆም እንዳይገባበት ቢደረግ ተገቢ ነው። በየዓመቱ እስከ መጋቢት የሚደርቀው ኩሬ ግን ዓሣው መሞቱ ስለማይቀር፣ ሕዝቡ አጥምዶ ቢጠቀምበት ጉዳት የለውም፤ ይህን መከልከል ዓሣውን ለአሞራ፣ ድኻውን ለረኃብ መተው ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ዓመቱ መልካም ሲሆን የሚቆይ፣ ክፉ ሲሆን የሚደርቀው ኩሬ በመንጠቆ ብቻ ቢፈቀድ ይበቃል። ከእነዚህ በአንዱ ብቻ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ቢገኝ፣ ከመከልከሉ በፊት ሌላ የሚያጠምድበት ቦታ ሊመለከትለት ይገባል፤ ያለዚያ በሌሊት እየመጣ ያጠምዳል፤ ዘበኛም አያግደውም።

ከሁሉ የሚከፋው ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ አድርቆና ወቅጦ በውሃ ላይ በመበተን ዓሣ ማስከር በብዙ ስፍራ የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለ፤ የዓሣው ሰውነት ያገኘውን ኦክሲጅን እንኳ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። በክረምት ወራጁ ውሃ መርዙን ያሳሳዋል፤ በበጋ ግን ኩሬው ትንሽ፣ ውሃው የቆመ፣ ዓሣውም ቀድሞ በሙቀት የተጨነቀ ስለ ሆነ፣ ከትልቁ ጋራ ጫጩቱና ዓሣው የሚመገባቸው ትንንሽ ነፍሳት ሁሉ አብረው ያልቃሉ። አጥማጁ የሚሰበስበው የሚሸጠውን ትልቁን ብቻ ነው፤ የቀረው እዚያው ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውም የተረፈውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ከዚያው ኩሬ መንደርተኛው የሚቀዳና ከብቱ የሚጠጣ መሆኑንም ማሰብ ነው። ይህ ዘዴ በየትኛውም ኩሬና በየትኛውም ወራት እንዳይደረግ ማገድ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ዛፉ ይቆረጥ የሚል ሹም ቢኖር ይሳሳታል፤ ብርብራ በአገራችን ብቻ የሚበቅልና ለቡና መልካም ጥላ የሚሆን ዛፍ ነውና።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርዳችን የጎደለ ይሆናል። በብዙ ወንዝ ዳር ውሃውን የሚያጎድለው ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ለመስኖ የሚሳበው የሞተር ውሃና የሚጠለፈው ቦይ ጭምር ነው። መንጠቆ የያዘውን ልጅ ከኩሬው ዳር እያባረሩ፣ ኩሬውን ራሱን በሞተር እስከ ጭቃው የሚመጠውን ባለ ይዞታ ዝም ማለት የትም አያደርስም። ቢያንስ የዘር ኩሬ ተብሎ ከተለየው ስፍራ ሞተር እንዳይተከል፣ ከበላዩም ያለው ቦይ በየሌሊቱ ጥቂት ውሃ እንዲለቅ ባለ ይዞታዎቹን ማግባባት ይገባል። በአዋሽ ላይ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ከተፈጸመው ከቆቃ ግድብ በታች፣ የውሃው መጠን ከዝናቡ ይልቅ ግድቡ በሚለቀው ልክ ስለሚሄድ፣ የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይተው ክልከላ ማውጣት አይጠቅምም።

የውሃውን ሙቀት ለማወቅ የሚሻ ሹም ቴርሞሜትሩን በጥላ በኩል፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ አስጥሞ፣ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይለካ፤ የላዩ ውሃ ብቻ ቢለካ ያታልላል። መሣሪያ የሌለው ደግሞ ዓሣውን ይመልከት። አፉን ከውሃው ፊት አውጥቶ አየር የሚጎነጭ ዓሣ በብዛት ከታየ ኦክሲጅኑ አልቋል። ይህም በወራጅ ውሃ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ አረንጓዴ አልጌ በለበሰ የቆመ ኩሬ ግን ሊነጋ ሲል ነው፤ አልጌው በቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፣ በሌሊት መልሶ ይወስዳልና። ስለዚህ ማለዳ ማጥመድ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው የውጭ አገር ምክር ለወራጅ ወንዝ እንጂ ለኩሬ አይሠራም።

የበጋው ክልከላ ከክረምቱ ጋራ እንዳይደባለቅም እናስገነዝባለን። በጣና ያሉት ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ወገኖች እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች የሚወጡት በክረምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ታውቋል፤ ዋናው ምክንያትም በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ እንደ ሆነ ይነገራል። በበጋ ኩሬውን የጠበቀ ሹም በነሐሴ የወንዙን አፍ ለመረብ ቢለቅ፣ የበጋው ድካሙ ሁሉ በከንቱ ይቀራል። ለሁለቱም መነሻ የሚሆነው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመሆኑ፣ ማንኛውም የወረዳ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ከአዋጁና ከክልሉ ሕግ ጋራ መታየት አለበት።

ክልከላው መቼ ይነሣ ለሚለው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ወዲያው ማንሣት አይገባም። የመጀመሪያው ጎርፍ የደረቀውን የከብት እበት፣ አመድና ትቢያ ጠርጎ ወደ ኩሬው ስለሚያገባ፣ ኦክሲጅኑ ለጥቂት ቀን ከበፊቱ ይልቅ ሊወርድ ይችላል። ኩሬና ኩሬ በወራጅ ውሃ ተገናኝቶ፣ ውሃውም ሳይቆረጥ አንድ ሳምንት ያህል ከፈሰሰ በኋላ ኩሬው ቢከፈት ይበቃል።