በደል የደረሰበት በዳይ



ልጆች ሳለን ፊልም ሲጀመር የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «አክተሩ የቱ ነው? ሌባውስ?» ይህን ካወቅን ሌላው ቀላል ነው። አክተሩ ሲመታ እንጨነቃለን፤ ሌባው ሲወድቅ እናጨበጭባለን። ዛሬ ግን ፊልሞች ጥያቄውን አክብደውብናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» ኪልሞንገር የተባለው ሰው ብዙ ደም ያፈሳል፤ ነገር ግን በልጅነቱ አባቱን የገደለበት የገዛ አጎቱ ነው። በ2019 የወጣው «ጆከር» ደግሞ የተናቀና የተደበደበ ሰው ነፍሰ ገዳይ ሲሆን ያሳያል። እናንተስ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ስታዩ «እውነቱን ነው እኮ!» ብላችሁ ለክፉው ሰው ፈርዳችሁ አታውቁም? እኔ ፈርጃለሁ።

ለምን እናዝንለታለን?

ጥፋቱን ከማየታችን በፊት ቁስሉን ስለምናይ ነው። ማዘናችን ስህተት አይደለም። አደጋው ሐዘናችን ሳይታወቀን ወደ ማጽደቅ ሲሻገር ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እንዳስተማረው፣ ሰው ክፉ ከማድረጉ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ድርጊቱን በራሱ ዓይን ትክክል ያደርገዋል። «ተበድያለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ ለዚህ የሚመች ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራውን «ማዘር ኢንዲያ» የተባለ የህንድ ፊልም አስቡ። ቢርጁ የድሃ ልጅ ነው። አራጣ አበዳሪው መሃይምነታቸውን ተጠቅሞ የቤተሰቡን እህል ዓመት ከዓመት ይወስዳል፤ የእናቱ የወርቅ አምባር ሳይቀር በእጁ ገብቷል። ቢርጁ አድጎ ሽፍታ ሲሆን ማን ይፈርድበታል? አበዳሪውን ገደለ፤ መዝገቦቹንም አቃጠለ። ግን እዚያ አልቆመም። የአበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠለፋት። ያቺ ሙሽራ ከማን ላይ እህል ወሰደች? በመጨረሻ ቢርጁን ተኩሳ የጣለችው የገዛ እናቱ ናት። አምባሯን ይዞላት በእቅፏ ሞተ።

ያልጠገበው በቀል

በቀል ሲታሰብ ይጣፍጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዙሪክ ተመራማሪዎች በገንዘብ ጨዋታ የተከዱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ ከዳተኛውን ለመቅጣት ሲወስኑ ከደስታ ጋር የተያያዘው ክፍል ሲሠራ አይተዋል። ጣዕሙ ግን አይቆይም። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ የበደላቸውን ሰው የቀጡት ተሳታፊዎች የመቅጣት ዕድል ካላገኙት ይልቅ ስሜታቸው የከፋ ነበር። ምክንያቱም ስለ በዳያቸው ማሰብ ማቆም አልቻሉም።

ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ አዲስ አይደለም። ሁለተኛ ሳሙኤል 13ን ተመልከቱ። አምኖን ትዕማርን አዋረዳት፤ አባቷ ዳዊት ተቆጣ እንጂ አልፈረደላትም። ወንድሟ አቤሴሎም ሁለት ዓመት ሙሉ ለአምኖን ክፉም ደግም ሳይናገረው ቆየ፤ ከዚያ አስገደለው። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችን ከአቤሴሎም ጋር ነን። ምዕራፍ 16 ላይ ግን ይኸው ሰው በአባቱ ላይ ተነሥቶ በሕዝብ ፊት የአባቱን ቁባቶች ሲያዋርድ እናገኘዋለን። ስለ አንዲት ሴት ውርደት የተነሣው እጅ ምንም ያላጠፉ ሴቶችን አዋረደ። ትዕማርስ? በቀሉ የመለሰላት ነገር የለም።

ጮሌ፣ እኛ ቤት

ይህን የምጽፈው በፊልም ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም። ባለቤቴ ጮሌ ሄዶ እንዲያገለግል ሲጠየቅ እኔን ሳያማክር «እሺ» ብሎ መጣ። አሰላ የማስተምርበት ሥራ ነበረኝ፤ እናቴም እዚያው ናት። አልጮኽኩም፤ የመጋቢ ሚስት እንዴት ትጮኻለች? ዝም አልኩ። ምሳ አቀርባለሁ፣ ሸሚዙን እተኩሳለሁ፣ እሑድ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ከጠየቀኝ በላይ ግን አንዲት ቃል አልጨምርም። ሰባት ወር። በልቤ ውስጥ ፊልሙ ይታይ ነበር፤ አክተሯ እኔ፣ ሌባው እሱ።

አንድ ማታ ሽንኩርት ስከትፍ የስምንት ዓመት ልጃችን አጠገቤ ቆማ፣ «እማዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ እኔንም ለምን አታወሪኝም?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የእኔም ሙሽራ ይህቺው ነበረች።

ያን ማታ ለባለቤቴ፣ «ሳትጠይቀኝ ወሰንክ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዕቃው ጋር እንደተጫንኩ ይሰማኛል» አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ። ሰባት ወር እንደ ንቀት የቆጠርኩት ፍርሃት ኖሯል። ጥፋት ጥፋት ነውና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም እሱንና ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁ። ሥራዬ አልተመለሰም፤ ቁጭቱም በአንድ ሌሊት አልወጣልኝም። ነገር ግን ቤታችን ድምፅ አገኘ።

ጉማና ሲንቄ

የአርሲ አባቶችና እናቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በጉማ ሥርዓት በደሉን ያሰማሉ፤ ካሳውን ይቆርጣሉ። ካሳ ልክ አለው፤ በቀል ግን የለውም። እናቶችም በጋብቻቸው የተቀበሉትን የሲንቄ በትር ይዘው በተጣሉት መካከል ሲቆሙ ጠበኛው ማቆም አለበት። የቢርጁ እናት ልጇን ለመመለስ ጠመንጃ አንሥታለች፤ እነዚህ እናቶች ግን ጠቡ እዚያ ሳይደርስ ቀድመው ይገባሉ።

ይህን ስል ግን በደልን ተሸክማችሁ ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። ዱላና ማስፈራራት ባለበት ቤት ራስን ማዳንና ለሕግ ማመልከት በቀል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ድፍረት» በሀገራችን በእውነት የደረሰ ታሪክ ነው፤ የጠለፋትን ሰው የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ፍርድ ቤት ራሷን እንደተከላከለች ተቀብሎ በነፃ አሰናብቷታል።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆናችሁ ፊልም ስታዩ ለክፉው ሰው ካዘናችሁ፣ ሲያልቅ ሁለት ነገር ተጠያየቁ። ይህ ሰው ቁስሉን ለማን ሊናገር ይችል ነበር? ስለ ቁስሉ የከፈለው ምንም ያላጠፋ ሰው ማን ነው? ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እነዚያኑ ጥያቄዎች ስለ ራሳችሁ ቤት ጠይቁ። መልሱ ምናልባት አጠገባችሁ ተኝቶ ይሆናል፤ ወይም ሽንኩርት ስትከትፉ ቆሞ ያያችኋል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።