ተጨማሪ መረጃ፦ ተክል ባክቴሪያን በምን ያውቀዋል?

በጉና ተራራ ግርጌ፣ በፋርጣና በደብረ ታቦር ዙሪያ ያሉትን የድንች ማሳዎች ታውቋቸዋላችሁ። ድንች ነጭ የደም ሴል የለውም፤ ታዲያ ባክቴሪያ ሲገባበት በምን ያውቃል?

ብዙ ባክቴሪያዎች የሚዋኙበት ጭራ ፍላጀሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በተክሉ ሴል ሽፋን ላይ ያሉ ተቀባዮች፣ ማለትም ባዕድ ነገርን የሚለዩ ፕሮቲኖች፣ ይህን ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊዘርላንድ ባዝል የነበሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከፍላጀሊኑ የ22 አሚኖ አሲዶች ቁራጭ ብቻ ይበቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይጎርፋል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይመረታል፤ ቆየት ብሎም ስቶማታ (የቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች) ይዘጋሉ፣ የሴሉ ግድግዳ ይጠነክራል። ይህ የመከላከል ምላሽ ይባላል።

ድንችን የሚያጠወልገው ራልስቶኒያ የተባለ ባክቴሪያ ግን አስቸጋሪ ነው። ፍላጀሊኑ ለየት ያለ በመሆኑ እንደ ቲማቲም ያሉ ተክሎች አይለዩትም። ደግነቱ ቲማቲም በሌላ የባክቴሪያው ፕሮቲን ይደርስበታል።

ሞክሩት፦ የጠወለገ የድንች ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉ። ሳትነቀንቁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ይወርዳል? ከወረደ፣ ከግንዱ የሚወጣው ባክቴሪያው ነው። ውኃውን አፍልታችሁ ድፉ እንጂ ወደ ማሳ አትመልሱት።