ጣሪያው የሳሳ ብረት

ታንክ የተሠራው ፊት ለፊት ለሚመጣ ጠላት ነው። ወፍራሙ ብረት ፊቱ ላይ ነው፤ ጎኑ ይሳሳል፣ ጀርባውና ጣሪያው ደግሞ ከሁሉም ይሳሳሉ።

“ታንክ አበቃለት” ሲባል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የግብፅ እግረኞች ሲና ላይ በማሊዩትካ ሚሳይል የእስራኤልን ታንኮች ሲያጋዩም ተብሎ ነበር። ያኔ መፍትሔ ተገኘ፤ ታንኩ ከእግረኛና ከመድፍ ጋር ተቀናጅቶ ተመለሰ። የአሁኑ፣ ከላይ የሚመጣው የድሮን ስጋት ግን ሥር የሰደደ ይመስለኛል።

በ2020 በናጎርኖ ካራባክ የ44 ቀን ጦርነት የአርሜኒያ ቲ-72 ታንኮች መሬት ቆፍረው መሽገው ነበር። ምሽጉ ከፊትና ከጎን ይጋርዳል፤ ከላይ ግን ክፍት ነው። ቱርክ ሠራሹ ባይራክታርና እስራኤል ሠራሹ ሃሮፕ ድሮኖች የመጡት በዚያው በክፍቱ በኩል ነው።

ዩክሬን ውስጥ በ2022 የመጀመሪያ ወራት ታንክ በብዛት የጨረሱት መድፍ፣ የተቀበረ ፈንጂና በትከሻ የሚተኮስ ሚሳይል ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ከ2023 ወዲህ የበዛው ኤፍፒቪ ድሮን ነው፤ ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር፣ ጭነቱ ብዙ ጊዜ የአርፒጂ ተተኳሽ። አብራሪው መነጽሩን አጥልቆ ድሮኑ የሚያየውን ያያል፤ የሚመታውን ቦታ የሚመርጠውም በዓይኑ ነው። የመጀመሪያው ድሮን ሰንሰለቱን ይበጥሳል። ታንኩ ይቆማል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሞተሩ ላይ ይወርዳሉ። ታንከኞቹ ዘለው ከሸሹ ደግሞ ሌላ ድሮን በከፈቱት በር ቦምብ ጥሎ ታንኩን ከውስጥ ያቃጥለዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የታንክ መትረፍና የሰው መትረፍ አንድ አይደሉምና። በቲ-72 ጥይቱ ከታንከኞቹ እግር ሥር በክብ ተደርድሮ ይቀመጣል። እሳት ከነካው ሦስቱም ታንከኞች አብረው ይሄዳሉ፤ መድፉን የተሸከመው ከባድ ራስ ተነቅሎ ሲወነጨፍ ያየነው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካው ኤብራምስ ግን አብዛኛው ጥይት ከኋላ፣ በብረት በር ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሲፈነዳ ነበልባሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ኤብራምስም ተቃጥሏል። አሜሪካ ለዩክሬን ከሰጠቻቸው 31 ታንኮች የቀሩት በሚያዝያ 2024 በድሮን ስጋት ከፊት መስመር እንዲርቁ መደረጋቸው ተዘግቧል። በውስጡ ያለው ወጣት በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ግን ሰፊ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ ይህ ነው።

መከላከያው ከድሮኑ ኋላ ኋላ ይሮጣል። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ የሽቦ ፍርግርግ ተበየደ። በ2024 ጸደይ ሩሲያውያን ታንኩን በቆርቆሮና በብረት ሙሉ በሙሉ አለበሱት፤ “ኤሊ” ተባለ። ኤሊው ብዙ ምት ይችላል፣ ግን መድፉን እንደልቡ ማዞር አይችልም፣ ሾፌሩም ዙሪያውን አያይም። የሬዲዮ ማወኪያ ሲበዛ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ገመድ እየተረተረ የሚበር ድሮን መጣ። ሬዲዮ ስለማይጠቀም የሚታወክ ነገር የለውም።

ዛሬ ታንኩ ዛፍ ሥር ወይም ፍርስራሽ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። ወጣ ብሎ ከኪሎሜትሮች ርቀት ጥቂት ጥይት ይተኩስና ይመለሳል። ወደፊት እንዲገፋ ሲታዘዝ ታንከኞቹ ሰማዩን ያያሉ፤ የሚጠብቁት ጭጋግ ነው፣ ወይም ድሮን የማያስነሳ ዝናብ።